የጂንካ መንገድ፣ ከባኮ አምባ እስከ አስፋልቱ



ዕድር ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና የወር መዋጮው ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ስለ መንገድ ልናወራ ነው። ዕድርና መንገድ ምን አገናኛቸው የሚል ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። ጥሩምባው የሚጠራው ድምፁ እስከሚሰማበት ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ወገን የሚያመጣው መንገድ ነው። ልጁ አዲስ አበባ፣ እኅቱ አርባ ምንጭ፣ ወንድሙ ኦሞራቴ የሆነ ሰው ባረፈ ጊዜ ማን ይደርሳል፣ ማንስ ይቀራል የሚለውን ከዕድሩ ዳኛና ከጸሐፊው አስቀድሞ የሚወስነው መንገዱ ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል ጂንካ የሚገባው አውራ ጎዳና 750 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ዛሬ ወጣቶቻችን ሲሳፈሩበት ድሮም እንዲሁ የነበረ ይመስላቸዋል። ታሪኩ ሲመረመር ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ይገጥመናል። መንገድ አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። የሚያሠራው መንግሥት ነው፤ የሚያቆየው ግን በየዕለቱ የሚጠብቀው፣ የሚጠርገውና የሚያዋጣለት ሰው ነው። ይህንኑ ከመጀመሪያው አንሥተን ባጭሩ እናሳያለን።

አምባና ሸክም

በኦሞ ሸለቆ ሰው መኖር የጀመረበት ዘመን እጅግ የራቀ ነው። በ1959 ዓ.ም. በኪቢሽ አካባቢ የተገኘው የሰው ቅሪት ዕድሜው ከ200,000 ዓመት በላይ መሆኑን ሊቃውንት ይናገራሉ። እንግዲህ እግረኛ በዚህ አገር መሄድ የጀመረው መንገድ የሚባል ቃል ከመኖሩ በፊት ነው ማለት ነው። አሪው ከደጋው እህልና ኮረሪማ ይዞ ሲወርድ፣ በናውና ሐመሩ ከቆላው ፍየልና ማር ይዞ ሲወጣ የተረገጠው የእግር መንገድ የሁሉም አባት ነው።

የውጭ ሰዎች ይህን አገር ፈልገው የመጡት ዘግይተው ነው። ኦስትሮ ሀንጋሪያዊው ቴሌኪ በ1880 ዓ.ም. ከደቡብ በኩል መጥቶ ዛሬ ቱርካና የምንለውን ሐይቅ አየና በልዑሉ ስም ሩዶልፍ አለው። ጣሊያናዊው ቦቴጎ በ1888 እና በ1889 ዓ.ም. ባደረገው ጉዞ ኦሞ የሚገባው ወደዚሁ ሐይቅ መሆኑን አረጋገጠ። በ1890 ዓ.ም. ደግሞ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በዳግማዊ ምኒልክ ትእዛዝ ከከፋ ተነሥተው ሠራዊታቸውን እየመሩ እስከ ሐይቁ ጫፍ ወረዱና የኢትዮጵያን ባንዲራ ተከሉ። አብሯቸው የነበረው ሩስያዊው መኮንን ቡላቶቪች ጉዞውን ጽፎ አስቀርቶልናል። ያን ሁሉ ሺሕ ሠራዊት ያሳለፈው መንገድ የሰውና የበቅሎ ዱካ እንጂ ሌላ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የመጣው አስተዳደር መቀመጫውን ያደረገው በባኮ ነው። ባኮ ከጂንካ በላይ ያለው ከፍታ ነው። የዚያን ጊዜ ሹማምንት ከፍታ የሚመርጡት በምክንያት ነበር። ከአምባ ላይ ሆኖ ዙሪያውን መጠበቅ ይቻላል፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ወባም አይደርስም። «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ በጥንቱ አነጋገር የጦር ሰፈር ማለት እንደ ነበረ ልብ ይሏል።

ታዲያ ለዚያ አምባ ቀለቡን ማን ያደርስለት ነበር? እዚህ ላይ እውነቱን መሸፈን አይገባም። ወታደሩ በደመወዝ ፈንታ ገባር ይሰጠው ነበር። የአሪ ሕዝብ እህሉን ፈጭቶ፣ ማሩን ቆርጦ፣ እንጨቱን ፈልጦ በጀርባው ተሸክሞ ወደ አምባው ያወጣ ነበር። ባርነትም ነበረ፤ ከቤቱ ተወስዶ ያልተመለሰ ብዙ ነው። ስለዚህ በአገራችን የመጀመሪያው ጭነት መኪና የሰው ጀርባ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። የገባር ሥርዓት ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ በሕግ ቀረ፤ የመሬቱ ነገር ግን እስከ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ድረስ ቆየ። ዛሬ በዕድራችን የሸካሚው የልጅ ልጅና የአሸካሚው የልጅ ልጅ ባንድ ድንኳን ሥር ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስለን።

መኪና ከተማን ከአምባ አወረደ

ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ወረራ ጊዜ በአገሪቱ ብዙ መንገድ ሠርቷል፤ የሠራውም ጦሩን ለማዘዋወር ነው። ከወጣ በኋላ ግን ጠጋኝ በመጥፋቱ መንገዱ በጥቂት ዓመት ውስጥ ተበላሸ፤ ድልድዩም ገሚሱ በጦርነቱ ፈርሶ ነበር። ከዚህም የተነሣ መንግሥት በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ለመንገድ ተበደረ። በዚያው ዓመትም የንጉሠ ነገሥት መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። የመሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያ ጭንቀት አዲስ መንገድ ማውጣት ሳይሆን የተበላሸውን ማዳን ነበር። ይህን ልብ እንበል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

መኪና ሲመጣ የከተማ ጠባይ ተለወጠ። መኪና አምባ አይወድም፤ አይሮፕላንም ሜዳ ይፈልጋል። በ1951 ዓ.ም. የወባ ማጥፋት ድርጅት ተቋቁሞ መድኃኒት መርጨት ሲጀመር ደግሞ ቆላውና ወይና ደጋው እንደ ድሮው የሚያስፈራ መሆኑ እየቀነሰ ሄደ። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ከጨንቻ ደጋ ወደ አርባ ምንጭ የወረደው በ1950ዎቹ ነው። የእኛም ታሪክ ከዚሁ ጋር አንድ ነው። የገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ አስተዳደር ባኮን ትቶ ጂንካ ሜዳ ላይ ተቀመጠ። ባኮ አምባው ቀረና ስሙ ብቻ በአውራጃው፣ በኋላም ባኮ ጋዘር በተባለው ወረዳ ስም ላይ ቆየ።

ጂንካን ያገናት ሜዳው ነው። በከተማው መካከል የነበረውን የሣር አይሮፕላን ማረፊያ የማያስታውስ ሽማግሌ የለም። አይሮፕላን በሌለበት ሰዓት ከብት ይግጥበታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ አይሮፕላን መጣ ሲባል ሁሉም እየሮጠ ይለቃል። ከተማው ዳርና ዳር ሆኖ ያደገውም በዚህ ምክንያት ነው። ለብዙ ዘመን መኪና ሳይደርስ አይሮፕላን ይደርስ ነበርና ጋዜጣና ደብዳቤ፣ መድኃኒትና ሹም ከሰማይ ነበር የሚወርድልን። ግን እንዲያው እንነጋገር ካልን፣ አይሮፕላን ለስንት ሰው ነው? ላዘነ ሰው ሁሉ ቲኬት አይቆረጥለትም። መርዶ የሚሰማው ሕዝብ የሚመጣው በምድር ነው።

ቁልቁለቱና ወንዙ

በምድር የሚመጣው እንዴት ነበር የሚመጣው? መንገዱን ከኮንሶ ጀምረን እንውረድ። ኮንሶ በድንጋይ እርከን የታወቀ አገር ነው። በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይኸው እርከን አፈርን በመጠበቅ ለመቶዎች ዓመታት የቆየ የእጅ ሥራ ነው። ከካራት ሲለቁ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ወይጦ ቆላ ይወርዳል፤ ሙቀቱ ፊት ይገርፋል። ወይጦ ከሰሜን ከደጋው ወርዶ ወደ ጨው ባሕር የሚሄድ ወንዝ ነው። ከዚያ የፀማይን አገር አቋርጦ መንገዱ ዳገት ይይዝና ቀይ አፈር ይወጣል። ስሙን አፈሩ ሰጥቶታል። ቀይ አፈር ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በዲመካና በቱርሚ አድርጎ ኦሞራቴ ይወርዳል፤ ሌላው በካኮ በኩል ጂንካ ይገባል።

አስፋልት ከመልበሱ በፊት ይህ መንገድ በበጋ አቧራ፣ በዝናብ ጭቃ ነበር። የእኛ አገር ዝናብ እንደ ሰሜኑ ክረምት ብቻ አይደለም፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይጥላል፣ በመስከረምና በጥቅምት ደግሞ ይመለሳል። በቆላው ያሉት ወንዞች አብዛኞቹ በበጋ አሸዋ ናቸው። ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ደጋው ላይ በዘነበ ዝናብ ደራሽ ይመጣና አሸዋው በቅጽበት ወንዝ ይሆናል። ሎንችናም ሆነ ጭነት መኪና ከዳር ቆሞ ውሃው እስኪጎድል መጠበቅ ነው፤ ሌላ መላ የለም። መረሬ አፈር ባለበት ሜዳ ደግሞ ጎማ ከተቀረቀረ ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል፣ ቅጠልና ድንጋይ ያነጥፋል። የመንደሩ ሰው ካልረዳ አይወጣም።

ለዕድር ይህ ምን ማለት እንደ ነበር ለዛሬው ወጣት ማስረዳት ይገባል። አስከሬን አይጠብቅም። ወይጦ ከሞላ ልጅ ሳይደርስ አባት ይቀበራል። ከሌላ አገር መጥቶ እዚህ ያረፈ ሰው ወደ ትውልድ ቦታው ልውሰደው ቢባልም መንገዱ እሺ አይልም፤ እዚሁ ያፈራው ጎረቤት ይቀብረዋል። ከደጋው የመጡ መምህራን፣ ጤና ረዳቶች፣ ነጋዴዎችና ወታደሮች አጥንታቸው እዚህ የቀረው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ዘመድ የሌለውን ሰው ዘመድ የሚሆን ማኅበር ያስፈለገውም ለዚህ ነው። እንግዲህ የመንገዱ መጥፎነት ዕድርን አጠነከረ ብንል ስሕተት የለውም።

መንገዱን ያቆየው ግን ገበያ ነው። ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ጂንካና ዲመካ፣ ሰኞ ቱርሚ፣ ማክሰኞ አልዱባ እየተባለ ሳምንቱ በገበያ ይቆጠራል። መኪና ቢቀር ሰው አይቀርም። መርዶም የሚላከው በገበያተኛ ነበር፤ ሐሙስ ቀይ አፈር የተነገረ ነገር ቅዳሜ ጂንካ ይሰማል።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ

መንገድን ማቆየት የኛ ችግር ብቻ አለመሆኑን ለማየት ሩቅ አገር እንመልከት። በካናዳ ምዕራብ ዛፍ የሌለበት እጅግ ሰፊ ሜዳ አለ። የካናዳ መንግሥት ከ1860ዎቹ ጀምሮ ያን ሜዳ በገመድ እየለካ እኩል እኩል አድርጎ በማይል ቆራረጠው፤ በየመካከሉም ለመንገድ የሚሆን ቦታ በካርታ ላይ አስቀረ። ሠፋሪው ገና ሳይመጣ መንገዱ በወረቀት ላይ ነበረ ማለት ነው። ቀድሞ በሜዳው ይኖሩ የነበሩት ነባር ሕዝቦች ግን በጥቂት ቦታ ተወሰኑ። በኛም አገር በደቡብ ክፍል ቀላድ ሲጣል ምን እንደ ሆነ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

የሚገርመው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በወረቀት የተሰመረው መንገድ በጭቃው ዘመን መንገድ የሆነው ገበሬው በራሱ ፈረስ እየጎተተ ሲደለድለው ነው። ግብሩን በገንዘብ መክፈል ያልቻለ ገበሬ በመንገድ ሥራ ይከፍል ነበር። ያ ሁሉ ሀብት ያለው አገር መንገዱን የጀመረው እኛ ደቦ በምንለው ነገር ነው። ኋላ ደግሞ አውራ ጎዳናው ሲሻሻልና ሁሉም መኪና ሲገዛ፣ ሰው ወደ ትልቁ ከተማ እየሄደ መሸመት ጀመረና ብዙ ትናንሽ ከተሞች ሰው አልባ ሆኑ። ስለዚህ መንገድ ይሰጣል፣ ይወስዳልም። ባኮን የወሰደብን ጂንካን የሰጠን ያው መንገድ አይደለም እንዴ?

አስፋልቱ ያመጣውና የወሰደው

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1980 ዓ.ም. ደቡብ ኦሞ ራሱን የቻለ የአስተዳደር አካባቢ ሆኖ ጂንካ መቀመጫው ሆነች። መንገዱ ግን ገና ኮረኮንች ነበር። በ1989 ዓ.ም. በአገሪቱ የነበረው መንገድ በሙሉ ተደምሮ 26,550 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ተቋቋመ። ይህ ፈንድ ምን እንደ ሆነ ለዕድርተኛ ማስረዳት አያስቸግርም። በየሊትሩ ነዳጅ ላይ ጥቂት ሳንቲም እየተዋጣ መንገድ ሲበላሽ ይጠገንበታል። ማለት የመንገድ ዕድር ነው። ከ1933 በኋላ የጣሊያን መንገድ ለምን እንደ ፈረሰ የገባው ሰው የዚህን መዋጮ ጥቅም ያውቀዋል።

መንገድ ማጣት ምን እንደሚያስከፍል በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በዓይናችን አይተናል። ኦሞ ሞልቶ የዳሰነችን አገር አጥለቀለቀ። ከ360 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተነገረ፤ ከብቱም አለቀ። በውሃ የተከበበውን ሕዝብ ለማውጣት በጀልባና በሄሊኮፕተር ነበር የተሄደው። በወጉ ያልተቀበረ ብዙ ነው። ወገን ወገኑን መቅበር ካልቻለ ከዚህ የከፋ ምን አለ?

በ2000ዎቹ ዓመታት ከኮንሶ ወዲህ ያለው መንገድ ደረጃ በደረጃ አስፋልት ለበሰ። ጥር 17 ቀን 2003 ዓ.ም. በጂንካ በተከበረው የአርብቶ አደሮች ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በኦሞ ሸለቆ ሰፊ የስኳር ልማት እንደሚካሄድ አስታወቁ፤ ከዚያ ወዲያ ከባድ መኪና በዛ። ግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። የጂንካ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ ከየክፍለ አገሩ ተማሪ መጣ። ለአይሮፕላኑም ሌላ ማረፊያ ተሠራለት። በ2015 ዓ.ም. አሪ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ይህ ሁሉ የተጓዘው በዚያው አስፋልት ላይ ነው።

ጥቅሙን ማንም አይክድም። በምጥ የተያዘች እናት በአምቡላንስ ትደርሳለች። ማታ ስልክ የተደወለለት ልጅ በማግስቱ ከቀብር ይደርሳል። የአሪ ቡናና ኮረሪማ በዋጋው ይሸጣል። ይሁን እንጂ ዋጋውን የከፈለው ሁሉም እኩል አይደለም። የአርብቶ አደሩ ከብት ሲሻገር ይገጫል፤ ልጅም ይገጫል። ሾፌሩ ፈርቶ ሲያመልጥ ቂሙ በቀጣዩ መንገደኛ ላይ ይወርዳል፤ በዚህ የተነሣ የጠፋ ሕይወት አለ። ሽማግሌዎች በየባህላቸው ካሣ አስከፍለው ባያስታርቁ መንገዱ ስንት ጊዜ በተዘጋ ነበር። አስታራቂ ሽማግሌ ከግሬደር እኩል መንገድ ጠባቂ ነው የምንለው ለዚህ ነው። ከካሜራ ጋር የመጣው እንግዳ ደግሞ ፎቶ አንሥቶ፣ ሳንቲም ወርውሮ ይሄዳል፤ ስሙን ሳይጠይቀው የሄደውን ሰው የምናውቀውና የምንቀብረው እኛ ነን።

የዕድራችን ድርሻ

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። አስፋልቱ ሳይታወቀን ሁለት ዓይነት ለቀስተኛ ፈጥሮብናል። ከአስፋልቱ ዳር ያለ አባል ሲያርፍ ድንኳኑ በሰዓቱ ይተከላል፣ መኪናው በር ላይ ይቆማል፣ ከሩቅ ያለው ዘመድ ሁሉ ይደርሳል። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በገባው ቀበሌ ያለ አባል ሲያርፍ ግን፣ በተለይ በሚያዝያ ዝናብ፣ አስከሬኑ በቃሬዛ ይወጣል፤ ድንኳኑ በሰው ትከሻ ይሄዳል፤ ከከተማ የሚመጣው አባልም ጭቃውን እያየ ይቀራል። መዋጮው እኩል ነው፤ ለቅሶው ግን እኩል አይደለም። ይህ በዝምታ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ቀበሌን ከቀበሌ የሚያገናኝ የገጠር መንገድ በመላው አገር መሠራቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን ጠጠር የፈሰሰበት መንገድ ቦዩ ከተደፈነ ሁለት ዝናብ አይችልም። ውሃው መሄጃ ሲያጣ መንገዱን ራሱን ቦይ ያደርገዋል። ግሬደር እስኪመጣ ድረስ ከጠበቅን ድንኳናችን ሁልጊዜ በትከሻ ይሄዳል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ለጠቅላላ ጉባኤ እናቀርባለን። አንደኛ፣ በየዓመቱ በየካቲት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ፣ ዝናቡ ሳይጥል፣ እያንዳንዱ ቀጠና አካፋና ዶማ ይዞ ከሰፈሩ እስከ አስፋልቱ ያለውን ቦይ ይጥረግ፤ የቀረ እንደ ቀብር ቀሪ ይቆጠር። ሁለተኛ፣ ከአስፋልት ርቆ ላረፈ አባል አስከሬን አጃቢና ድንኳን ተሸካሚ የሚሆኑ ወጣቶች ተራ ወጥቶላቸው ይመደቡ፤ ጭቃ ነው ብሎ መቅረት ምክንያት አይሁን። ሦስተኛ፣ በመንገድ ላይ ሰው ወይም ከብት ተገጭቶ ጠብ ሲነሣ የዕድራችን ሽማግሌዎች ከበናው፣ ከፀማዩና ከሌሎቹም ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ያስታርቁ፤ ለዚህ ለሚወጣ የመጓጓዣ ወጪ ከመዋጮው ጥቂት ይቆረጥ። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ቦዩም፣ ቃሬዛውም፣ እርቁም እንደዚያው ነው።

የጣሊያን መንገድ ጠባቂ አጥቶ እንደ ፈረሰ፣ የኮንሶ እርከን ግን ጠባቂ ስላላጣ እስከ ዛሬ እንደ ቆመ አይተናል። ሁለቱም በአንድ አገር ዝናብ ሥር ነው ያሉት። የእኛን መንገድ ከየትኛው ወገን እንደምናደርገው በሚቀጥለው የካቲት በአካፋችን እናሳያለን።

በዚህ መንገድ ላይ እህል ተሸክመው ላለፉት፣ መኪና ገፍተው ላሳለፉት፣ ወንዝ ሞልቶባቸው የወገናቸው ቀብር ላመለጣቸው ሁሉ መታሰቢያ ይሁንልን። በዓመቱ ውስጥ ያረፉትን አባሎቻችንን ነፍሳቸውን ይማር፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥልን።